የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከዓባይ በረሃ የመጣ የፍሬን ጣጣ

ጥያቄ፦ የምነዳው ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነው። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት ልጨርስ ስል የፍሬኑ ፔዳል ስፖንጅ እንደ መርገጥ ሆነብኝ፤ የተቃጠለ ነገርም ሸተተኝ። ፔዳሉ በማግስቱ ወደ ቦታው ቢመለስም፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ «ዲስኩ ተጣሟል፤ ባለቀዳዳ ዲስክና የውድድር ሸራ ግዛ» አለኝ። ልግዛ?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የገለጹልን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ ለየብቻ እንያቸው። በረጅም ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ፔዳል የሚለሰልሰው አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው እንጂ በዲስክ (ከጎማው ጋር በሚዞረው የብረት ሳህን) ምክንያት አይደለም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ የሚቆይ ቢሆንም፣ ሲያረጅና ውኃ ሲጠጣ መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ፣ የእግርዎ ኃይል ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት አንድ ስሌት እነሆ። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዱ 25 ጊዜ ያህል ፍሬን ይዞ ከመቆም ጋር ይተካከላል። ከዚህ ላይ ነፋሱና ሞተሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ማርሽ ሳይቀንስ የሚወርድ ሰው ግን አብዛኛውን በዲስኮቹ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪዎ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ይሁን። ዶት 5.1 ካገኙ ይበልጥ ሙቀት ይችላል፤ ዶት 5 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን ስለሆነ ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይደባለቅም።

ወደ መንቀጥቀጡ እንምጣ። «ዲስኩ ተጣሟል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሳይለካ ነው። የጋለ ዲስክ ላይ ፔዳል ረግጠው ሲቆሙ የሸራው ቅሪት በአንድ ቦታ ስለሚጣበቅ የዲስኩ ገጽ ወጥነቱን ያጣል፤ በዲስኩና ጎማው በሚታሰርበት ሞዞ መካከል የተጠራቀመ ዝገትም ዲስኩን ያንጋድደዋል። እኔ ያየሁት አንድ ባለመኪና አዲስ ዲስክ አስገጥሞ በወሩ መንቀጥቀጡ ተመልሶበታል፤ ጎማው ሲፈታ የሞዞው ገጽ በዝገት ቅርፊት ተሸፍኖ ተገኘ። አንድ የሽቦ ብሩሽና አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። መካኒክዎ ባለመርፌ መለኪያ ካለው ዲስኩን እያዞረ ይለካው፤ መወላገዱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ በእርግጥ ችግር አለ። ውፍረቱንም በማይክሮ ሜትር በተለያየ ቦታ ለክቶ፣ በዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ጋር ያስተያየው። ከዚያ በታች የሚያደርሰው ከሆነ ቶርኖ አስገብቶ ገጹን ማስተካከል አይገባም። ገና ቢተርፈው እንኳን፣ የሳሳ ዲስክ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ዓባይን ለሚመላለስ ፈጣን መኪና እኔ አዲስ መግዛቱን እመርጣለሁ፤ ያውም ሁለቱን የፊት ዲስኮች አንድ ላይ።

ባለቀዳዳውን ግን ይተዉት። ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን ከከፍተኛ ሙቀት በኋላ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነው። መካከሉ አየር የሚያሳልፍ፣ ገጹ ልሙጥ የሆነ ጥሩ ዲስክ ይበቃዎታል። የውድድር ሸራም ካልጋለ በደንብ አይዝም፤ ጠዋት ከቤት ወጥተው ገና መቶ ሜትር ሳይሄዱ ባጃጅ ፊትዎ ቢታጠፍ የሚፈልጉት በቀዝቃዛው የሚይዝ ሸራ ነው። ለመንገድ ተሠርቶ ሙቀት የሚችለውን ይጠይቁ። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲግል የሚኖረውን የመያዝ ኃይል ያመለክታሉ። «ኤፍ ኤፍ» ወይም «ጂ ጂ» ቢሆን መልካም ነው፤ «ኤፍ ኢ» ከሆነ ሲግል ይደክማል ማለት ነው። ፊደላቱ ስለ ሸራው ዕድሜም ሆነ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገሩም።

ከተገጠመ በኋላ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ማለማመድ የግድ ነው። ከብትና ባጃጅ ሳይበዛ ገና በማለዳ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ወጥተው፣ ከ80 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ጠንከር አድርገው ይቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይቁሙ። ከዚያም ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር እየነዱ ያቀዝቅዙት።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ጣና ዳር ካሳጠብኩ በማግስቱ ፍሬን ስይዝ ይከረክራል፤ ዲስኩም ቀይ ሆኖ አየዋለሁ። ልቀይረው?
ሌላ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይቀይሩት። ዲስክ ብረት ስለሆነ ረጥቦ ካደረ ስስ ዝገት ያወጣል፤ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲይዙ ሸራው ራሱ ይጠርገዋል። ካሳጠቡ በኋላ ወዲያው ከማቆም ይልቅ ትንሽ ነድተው ያድርቁት። ከመንገድ እንደገባ ገና የጋለ ዲስክ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውኃ አያስረጩ። ክርክሩ ቀኑን ሙሉ ከዘለቀ ወይም የሸራው ውፍረት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ ያን ጊዜ ጎማውን ያስፈቱ።