ጤነኛ ፍየሌን ለምን ወጓት? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ በግና ፍየል ደም ምርመራ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አንዳንዱ ቁጣ አለበት። ከቁጣው ልጀምር።

«ባለሙያዎች መጥተው ከስድስት ፍየሎቼ ደም ወሰዱ። አንዷም አልታመመችም። እያስቀመጣት ያለችውን የጎረቤቴን ፍየል ግን ዞር ብለውም አላዩዋት። ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

እናቴ፣ ቢናደዱ አይፈረድብዎትም። ሰዎቹ ዱካ ፍለጋ ነው የመጡት። ፒፒአር፣ ማለትም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ፣ ይዟት የዳነች ፍየል ደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነቷ በሽታውን ለመከላከል ያመረተው ነገር፣ ይቀራል። ለዓመታት አይጠፋም። እርስዎ ጤነኛ የሚሏት ፍየል ደም «በሽታው በዚህ አልፏል» ሊል ይችላል። አሁን የታመመችው ግን ሌላ ናሙና ነው የሚያስፈልጋት፤ ከዓይኗና ከአፍንጫዋ በጥጥ የሚጠረግ ፈሳሽ። ፀረ እንግዳ አካሉ ደሟ ውስጥ እስኪታይ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ቫይረሱ ግን እዚያው ፈሳሹ ላይ ነው። ለማንኛውም፣ ሳያዩዋት መሄዳቸው ጥፋት ነው። ለወረዳው እንስሳት ጤና ዛሬውኑ ይንገሩ።

«ደም ከመውሰዳቸው በፊት የበጎቹን አፍ እየከፈቱ ጥርስ ያዩ ነበር። ትልልቆቹን ትተው ለጋዎቹን መረጡ። ለምን?»

ጥሩ አይተሃል። ጥርስ ማየቱ ከመርፌው አይተናነስም። የስድስት ዓመት በግ ደሟ «አዎ» ቢል፣ ከስድስቱ ዓመት በአንዱ ቫይረሱ አግኝቷታል፣ ወይም ተከትባለች። እዚህ ላይ ችግር አለ፤ በሥራ ላይ ያለው ክትባት የሚተወውን ምልክት በሽታው ከሚተወው ኤሊሳ የሚባለው፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው የደም ምርመራ አይለየውም። ከሦስት አራት ወር በታች ያለ ግልገል ደግሞ የሚያሳየው ከእናቱ እንገር ያገኘውን ነው። የሚፈለገው መሀል ያለው ነው። እንገሩ ያለቀበት፣ የወተት ጥርሱን ያልጣለ፣ ያልተከተበ ጠቦት። የእሱ ደም ከመሰከረ ቫይረሱ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ጠቦቱ የነበረበት ቦታ ነበር። ለዚህ ነው «እዚሁ ነው የተወለደው ወይስ ከገበያ ነው የመጣው?» ብለው የሚጠይቁት።

የቀንድ ከብቱ ደስታ በሽታ መጥፋቱ የተረጋገጠው በዚሁ መላ ነው። (በሽታን «ደስታ» ማለት የእኛ ነገር ነው፤ ስሙን ላለመጥራት ይመስለኛል።) በክፉ ቀን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሬ ፈጅቶ አገር ያስራበው እሱ ነው። አገራችን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው አፋር ላይ፣ በ1980ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ክትባቱ እንዲቆም ተወሰነ። ለሰሚው እብደት ይመስላል። ካልቆመ ግን የሁሉም ከብት ደም «አዎ» እያለ ቫይረሱ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ከቆመ በኋላ የተወለዱት ወይፈኖችና ጊደሮች ደም ተመረመረ፣ ደጋግሞ ተመረመረ፣ ዱካ ጠፋ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ለፒፒአር የተያዘው ቀጠሮ 2030 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ጠባብ ይመስለኛል። ፍየል ቶሎ ይዋለዳል፤ የተከተበው ለበዓል ተሸጦ በዓመቱ ያልተከተበ ይተካዋል።

«በቀበሌያችን ሺህ ፍየል አለ። 60 ብቻ መርምረው ምን ሊያውቁ?»

ብዙ ያውቃሉ። ከመቶ አምስቱ ምልክቱ ካለባቸው፣ 60 ያህሉን በዕጣ መርጦ የመረመረ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 95 በመቶ ነው። ከመቶ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን 300 ገደማ ሊያስፈልግ ነው። ቁም ነገሩ ዕጣው ላይ ነው። መኪና ከሚደርስበት ጎጥ ብቻ 60 ቢቀዱ ስሌቱ ገደል ገባ። እንዲህ ሲሠራ አይቻለሁ።

«በጎቼ ፖዘቲቭ ናቸው ተባልኩ። ይታረዱብኝ ይሆን? ልጆቼስ?»

አይታረዱም። ፖዘቲቭ ማለት ታማሚ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም እነዚህ ለፒፒአር ተከላክለዋል። ሰው ደግሞ አይዘውም።

«ጀማሪ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የላክሁት ሴረም ቀይ ነው ተብሎ ተመለሰብኝ።»

ወንድሜ፣ እኔም ደርሶብኛል። በሥራዬ መጀመሪያ 40 ብልቃጥ ደም ከአንገት ሥር ቀድቼ፣ ሳይረጋ መኪና ላይ ጫንኩት። ኮረኮንቹ እየናጠው ቀይ የደም ሕዋሱ ፈነዳ። ማታ ሳየው የበርበሬ ውሃ መስሏል። የረጋው ደም ተለይቶ ከላዩ የሚቀረው ሴረም እንደ ብርዝ ቢጫና ጥርት ያለ ነው መሆን ያለበት። ብልቃጡን ዘንበል አድርገህ ጥላ ላይ አቆየው፣ ይርጋ። ሴረሙን በንጹሕ ብልቃጥ ገልብጠህ ከለየህ በኋላ በረዶ ውስጥ ክተተው። ያልተለየ ደም በረዶ ቤት አታስገባ፣ ያው ነው የሚፈነዳው። ቁጥሩን ደግሞ በእስክሪብቶ አትጻፍ፤ በረዶው ሲቀልጥ ይለቅና የየትኛዋ ፍየል እንደሆነ ሰበታ ያለው ላቦራቶሪ ሊገምትልህ አይችልም።