ራጁ ካሳየ አክታው ለምን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ካሳለው ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል። ራጅ ተነስቶ «ቀኝ ሳንባው ላይ፣ ከላይ በኩል ጥላ አለ» ተባልን። የቲቢ መድኃኒት ሊጀምር ነው ስንል «አክታ ይምጣ» አሉ። ራጁ ካሳየ አክታው ምን ያደርጋል? ዝም ብለው እያመላለሱን ነው?
(ታላቅ እህት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ እያመላለሷችሁ አይደለም። ምልልሱ እንደሚያስመርር ግን አውቃለሁ፤ ላቦራቶሪ መስኮት ላይ ቆሜ ያልሰማሁት ስድብ የለም።

ቲቢ ብዙ ጊዜ የሳንባን የላይኛውን ክፍል ይይዛል። ሐኪሙ መጠርጠሩ ልክ ነው። ግን የሳንባ ምችም፣ ካንሰርም፣ ድሮ የዳነ የቲቢ ጠባሳም ራጅ ላይ ተመሳሳይ ጥላ ሊያሳዩ ይችላሉ። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ደግሞ ቲቢ ይዞት ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

አክታው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ውስጥ ሲገባ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ባክቴሪያው መኖሩን ይናገራል። ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነም አብሮ ያሳያል። ይህን ከራጅ አታገኚውም። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ የማይሠራ ኪኒን እንዲውጥ አትፈልጊም።

ማሽኑ ግን የሰጡትን ነው የሚያየው። ገና በማይክሮስኮፕ ብቻ በምንሠራበት ጊዜ አንድ ወጣት ዕቃውን ይዞ መጣ። ውስጡ አረፋ የያዘ ምራቅ ነው፤ የቁርሱ ሽሮም ይታያል። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ዝም ብዬ ተቀበልኩት። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል መኖር አለበት። ከምራቅ ከየት ይመጣል? «የለም» ተብሎ ሄደ። ብሶበት ሲመለስ የጠዋት አክታ አስመጣሁት፤ ተገኘበት። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰልፉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ምራቅ አልቀበልም።

ስለዚህ ወንድምሽ ጠዋት እንደነቃ፣ እህል ሳይቀምስ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ። ደጅ፣ ሰው የሌለበት ይውጣ። ሁለት ሦስቴ በረጅሙ ተንፍሶ ከደረቱ ሥር ያስል። ወፈር ያለ ነገር ከወጣ እሱ ነው። ክዳኑን አጥብቆ ቶሎ ያድርስ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የአክታ ምርመራውም የቲቢ መድኃኒቱም በነጻ ነው።

ውጤቱ «የለም» ቢል እንኳ ሐኪሙ ራጁንና ምልክቶቹን አይቶ ሕክምና ሊያስጀምረው ይችላል፤ ያኔም «ታዲያ ለምን አስመረመራችሁን?» ብላችሁ እንዳትጣሉ። አክታው ላይ ደም ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።