«እብኖዲ ናይን» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ «ኪርያላይሶን፣ እብኖዲ ናይን፣ ታኦስ ናይን» እንላለን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የምትጠሩት የመናፍስት ስም ነው» ስትለኝ ክው አልኩ። መልስም አጣሁላት። ቃሉ ግእዝ ነው? ትርጉሙን ሳላውቅ የሰገድኩትስ ከንቱ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽን አሳርፊ። ከእነዚህ ቃላት አንዱም የመንፈስ ስም አይደለም። ግእዝም አይደሉም። ግማሹ ግሪክ፣ ግማሹ የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋ የሆነው ቅብጥ ነው።

«ኪርያላይሶን» ሁለት የግሪክ ቃላት ተጣብቀው ነው። «ኪርዬ» ጌታ ሆይ፣ «ኤሌይሶን» ማር፣ ራራ። ወንጌል ውስጥ አለ። ልጁ የታመመበት አባት በጌታ ፊት ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፥ ልጄን ማርልኝ» ሲል (ማቴ. 17፥15) ግሪኩ «ኪርዬ ኤሌይሶን» ይላል። ዛሬ አቴንስ ብትሄጂ «ኪርዬ» ባለ ሱቁንም የሚጠሩበት ቃል ነው፤ እንደኛ «ጌታዬ»። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ግን የእግዚአብሔር ስም በሚመጣበት ቦታ የምናገኘው ይኸው ቃል ነው። አንዳንድ ሰባኪዎች «ኤሌይሶን»ን ከወይራ ዘይት ጋር ያያይዙታል፤ ዘይት በግሪክ «ኤላዮን» ስለሚባል። ለጆሮ ይጥማል፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው። ባይሰበክ እመርጣለሁ።

ወደ «ናይን» እንምጣ። የትግርኛው «ናይ» እንዳይመስልሽ። በቅብጥ «ናይ ናን» ማለት «ማረን» ነው። «እብኖዲ» ደግሞ በዚያው ቋንቋ እግዚአብሔር፣ አምላክ ማለት ነው። «ታኦስ» የግሪኩ «ቴዎስ» ነው፤ እሱም አምላክ። በዚያው ስግደት ከምንላቸው ሌሎች ቃላት «ማስያስ» መሲሕ፣ «ትስቡጣ» ደግሞ የግሪኩ «ዴስፖታ»፣ ጌታ ሆይ። ዐረብኛ «ፐ» የሚባል ድምፅ የለውም። ብዙዎቹ መጻሕፍታችን ወደ ግእዝ የገቡት በዐረብኛ በኩል ስለሆነ «ፖ»ው «ቡ» ቢሆን አይገርምም። እንግዲህ «ታኦስ ናይን» ስትይ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቋንቋ ተናገርሽ ማለት ነው።

ከግብፅ ለምን መጣ? ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ሊቀ ጳጳስ የሚሾምልን ከእስክንድርያ ነበር። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1943 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጸሎቱም አብሮ ተጓዘ። ሩሲያውያን ቃሉን ተርጉመው «ጎስፖዲ ፖሚሉይ» ይላሉ። ሮማውያን በላቲን ሲቀድሱም ግሪኩን እንዳለ ትተውታል። እኛ ሁለቱንም አደረግን፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብለን 41 ጊዜ የምንለው የዚሁ ልመና ግእዝ ነው።

ባልደረባሽን አትቆጫት። ክታብ ጸሐፊዎች ፍቺው የማይታወቅ ቃል እየደረደሩ ሰው ሲያስፈራሩ ስለኖሩ ጥርጣሬዋ ከሜዳ አልመጣም። ቁጭ ብለሽ ቃል በቃል አስረጃት።

ስግደትሽ ከንቱ አይደለም። ምሕረት ፈልገሽ ነው የወደቅሽው፤ የምትለምኚው ጌታ ደግሞ ቋንቋ አይቸግረውም። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ «በመንፈስ እጸልያለሁ በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ይላል (1ኛ ቆሮ. 14፥15)። ስለዚህ ከእንግዲህ አፍሽ «እብኖዲ ናይን» ሲል ልብሽ «አምላክ ሆይ፣ ማረን» ይበል። ቤትሽ ለብቻሽ ስትጸልዪ በአማርኛ ብትይው ምንም አላጎደልሽም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ካህኑ ያለውን ከማኅበሩ ጋር ተቀበዪ።