አምፖሉን ከመቀየራችሁ በፊት ማሳውን ለኩ

ውድ ወጣቶች፣

ኤም 35 ኤ 2ን የመሰለ አሮጌ የአሜሪካ ጦር ካሚዮን አግኝታችሁ መብራቱን ልትጠግኑ ስትነሱ፣ እጃችሁ ቀድሞ ወደ አምፖሉ፣ ከዚያም ወደ ማብሪያው ይሮጣል። ያዙት። በእነዚህ መኪኖች ላይ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ውስጥ ሳይሆን ዕቃው ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ኤሌክትሪኩ በዚህ ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው «ማሳ» የምንለው። ይህን ያልተረዳ ሰው ደህና ዕቃ እየጣለ ገንዘቡን ይጨርሳል።

መኪናው የሚሠራው በ24 ቮልት ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረዋል፤ ነጋቲቩ ማሳ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ሙሉ ከሆነ 25 ቮልት ተኩል ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ27 እስከ 28 ተኩል ታነባላችሁ። ለሬዲዮ ብላችሁ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት አትውሰዱ፤ አንዱ እየደከመ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያልቃሉ። 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግዙ። አምፖል ስትገዙም ቁጥሩን አንብቡ። ለፍሬንና ለፍሬቻ 1683፣ ለትንንሾቹ 1251 ነው፤ ሁለቱም ባለ 28 ቮልት ናቸው። በየሱቁ የሚገኘው 1156 በ1683 ቦታ ልክ ይገባል፣ ግን የ12 ቮልት ስለሆነ ወዲያው ይቃጠላል።

ምንም ሳትፈቱ ባለ ሦስት እጀታውን ማብሪያ እዩ። ዋናው እጀታ በ«ሰርቪስ ድራይቭ» (የተለመደው የመንገድ መብራት) ወይም በ«ስቶፕ ላይት» (የፍሬን መብራት) ላይ ካልሆነ የተለመደው የፍሬን መብራትም ሆነ ፍሬቻው አይሠራም። በብላክአውት (ጠላት እንዳያይ መብራት በሚደበቅበት ቦታ) ላይ ከሆነ ፍሬን ስትረግጡ የምትበራው ትንሿ የጦር ሜዳ መብራት ብቻ ናት። እጀታው እንቢ ቢል አታስገድዱት፤ መጀመሪያ የመቆለፊያውን እጀታ ማንሳት ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ጤነኛ ማብሪያ ተፈትቷል!

አሁን ወደ ማሳው። የኋላው መብራት ማሳ የሚያገኘው በራሱ ቤትና በብሎኖቹ በኩል ነው፤ ከሥሩ ግን የዓመታት ቀለምና ዝገት ተደራርቧል። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በቮልት ላይ አድርጉ፣ መብራቱን አብሩ፣ አንዱን ጫፍ በመብራቱ ቤት፣ ሌላውን በባትሪው ነጋቲቭ ላይ አስነኩ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ደህና ነው። አንድ ሁለት ቮልት ካሳየ አምፖሉ ሊያገኝ የሚገባው ኃይል ዝገቱ ላይ እየቀረ ነው። ልኬቱ መብራቱ በርቶ መሆኑ ግድ ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ በኦም (በሽቦው ተቃውሞ) የምትለኩ ከሆነ ትታለላላችሁ፤ ከሽቦው አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ መሣሪያው ዜሮ ያሳያል፣ ያቺ ክር ግን ለመብራቱ የሚበቃ አምፔር መሸከም አትችልም። ፍሬን ሲረገጥ ሌላ መብራት አብሮ ከደበዘዘ ወይም ፈዞ ከበራ፣ ጅረቱ በራሱ ማሳ መውጣት አቅቶት በሌላ አምፖል በኩል መንገድ እየፈለገ ነው። ባትሪውን ከነጋቲቩ ጀምራችሁ ንቀሉ፣ ብሎኑን ፍቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገብታችሁ አጥብቁ፤ ቀለም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ከላይ ነው።

ሽቦውን በተመለከተ፣ በየጫፉ ያለችውን ባለ ቁጥር ቆርቆሮ እንደ ዓይናችሁ ጠብቁ። 17 የረጅም መብራት፣ 18 የአጭር፣ 21 የኋላ መብራት ናቸው። ቁጥሩ ከጠፋ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉንም ሽቦ ከዜሮ መፈለግ ይኖርበታል። ሽቦ ስትቆርጡ መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኛችሁት የሚያበራ መዳብ እስኪመጣ ወደ ውስጥ ሂዱ። ለመብራት መስመር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። የማገናኛውን የጎማ ሽፋን ፒኑን ከመጭመቃችሁ በፊት በሽቦው ላይ አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ አይገባም፣ ሥራውም እንደገና ይጀመራል። ለመለያየት ደግሞ ጎማውን ያዙ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ናስትሮ ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ በሞተር ሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጥና አቧራና ውሃ ይሰበስባል። በሙቀት የሚኮማተር፣ ውስጡ ማጣበቂያ ያለው ቱቦ ተጠቀሙ።

መብራቱ በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ እየጠፋ ራሱ የሚመለስ ከሆነ፣ በሙቀት የሚቆርጠው ብሬከር ሥራውን እየሠራ ሊሆን ስለሚችል እሱን ዘላችሁ ሽቦውን በቀጥታ አታገናኙ። ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ ፈልጉ። የመስመሩን መነሻ ነቅላችሁ በመሐል ባለ 24 ቮልት ትልቅ አምፖል በተከታታይ አስገቡ። በሙሉ ብርሃኑ ከበራ መስመሩ ማሳ ነክቷል። ከዚያ ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሂዱ፤ አምፖሉ የጠፋበት ቦታ ላይ ጥፋቱን ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ የሽቦ መግቢያው ጎማ ወልቆ ብረቱ ሽቦውን የላጠበት ቀዳዳ ነው።

የኋላውን የብላክአውት መብራት «ምን ያደርጋል» ብላችሁ አትጣሉት። ጥንድ ጥንድ የሆኑት ትንንሽ መስኮቶች ለተከታዩ ሾፌር ርቀት ይነግሩታል፦ ከ18 ሜትር በታች እያንዳንዳቸው ተለይተው ይታያሉ፣ ከ18 እስከ 55 ሜትር ጥንዱ እንደ አንድ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ሁሉም ወደ አንድ ነጥብ ይገባሉ። ሲጨልም ጓደኛችሁን ከኋላ እያራቃችሁ ፈትኑት። አንዱ መስኮት ከደበዘዘ ሽፋኑን ፍቱና የጎማ ጋስኬቱን እዩ፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ውሃው የገባው በዚያ ነው፣ ቀይሩት።