ጓሮ የቆመችው የአሉሚኒየም ጀልባ፦ ጥያቄና መልስ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ዓሣ ማጥመድ የሚወደው ሐበሻ ቀላል አይደለም። ያገለገለች ባለ 14 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዝቶ፣ ጓሮው አቁሞ፣ እንደ ልቡ ሊያሰማምራት የሚነሳም አለ። እኔ የራሴንም የወዳጆቼንም ጀልባ እየፈታሁ ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበርና የደረሱኝን እነሆ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? አንድ ሰው ጀልባ ከነተሳቢዋ በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ከመክፈሌ በፊት ምን ምኗን ልይ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀቷን እይ። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ወደ ላይ፣ 12 ፊደልና ቁጥር የተቀረጸበት መለያ አለ። ከ1972 መጨረሻ ወዲህ ፋብሪካ የሠራት ጀልባ ይህ ቁጥር ይኖራታል። ቁጥሩ ሻጩ ከያዘው የባለቤትነት ወረቀት ጋር ካልገጠመ ወይም ሰውየው «ወረቀቱን በኋላ እልክልሃለሁ» ካለህ ጥለህ ሂድ። ርካሽ ነው ያልከው ዕቃ ቢሮ ለቢሮ ሲያንከራትትህ ይከርማል። ተሳቢዋም የራሷ ወረቀት አላት። በቨርጂኒያ ሞተር ያላት ጀልባ፣ የባትሪ ሞተርም ቢሆን፣ መመዝገብ አለባት።

ቀጥሎ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ መርምር። ላዩ አሉሚኒየም ቢሆንም ውስጡ ብዙ ጊዜ እንጨት ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ አንኳኳው። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ሞተር ተገጥሞባት ከሆነ የሞተሩን የታች ጫፍ ይዘህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ሳንቃው አብሮ ከተወዛወዘ አልቆለታል ማለት ነው። ይህ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ይሆንሃል እንጂ ከመግዛት አያግድህም። አሮጌውን ሳትሰባብር አውጥተህ በእሱ ልክ አዲስ ቁረጥ። ባለ ¾ ኢንች ኮምፔንሳቶ ሁለቱን ውሃ በማይበግረው ማጣበቂያ ደርበህ 1½ ኢንች አድርሰው። ከዚያ ጠርዙንና የብሎን ቀዳዳውን በሙሉ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) አጠጣ። መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ፊት ለፊት ቆሜ የምወረውርበት መድረክ፣ ከሥሩ ሣጥን፣ መሃል ላይ ደግሞ ሙሉ ወለል ልሠራላት ነው። መሃለኛውን አግዳሚ ቆርጬ ባወጣው ችግር አለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አዎ፣ አለው። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ ስማኝ፤ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ያ አግዳሚ መቀመጫ ብቻ አይደለም። ግራና ቀኙን ግድግዳ ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። እሱን አውጥተህ በቦታው ምንም ካልተካህ ጀልባዋ ማዕበል ላይ ትለመጣለች፣ ሪቬቶቿም (አሉሚኒየሙን እርስ በርስ የሚያያይዙት ምስማሮች) አንድ በአንድ ይላላሉ። ሁለተኛ፣ ሆዱን ከፍተህ ብታየው በፎም የተሞላ ነው። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ እንዳትሰምጥ የሚያደርጋት ያ ፎም ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ ፎም ወደ 60 ፓውንድ ይሸከማል። የግድ አወጣዋለሁ ካልክ ያወጣኸውን ያህል ፎም ከወለሉ ሥርና ከጎንና ጎን መልስ። ግድግዳዎቹንም በአሉሚኒየም አንጎላሬ እርስ በርስ እሰራቸው። የድሮውን ፎም ቆረስ አድርገህ ጨምቀው። ውሃ ከወጣው ጣለው። ለዓመታት የሚከብዳት ውሃ ስትሸከም ኖራለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ክብደት እንምጣ። ከውስጥ በኩል የተለጠፈ የአቅም ሰሌዳ አለ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ፓውንድ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትችል ይናገራል። ጠቅላላ 650 ፓውንድ ይላል እንበል። ሁለት ሰው 360፣ ሞተር 90፣ ሙሉ የቤንዚን ጋን 45፣ የሊድ ባትሪ 60፣ መልሕቅና መንጠቆ ከነበረዶ ሣጥኑ 50። ተደምሮ 605 ነው። የቀረህ 45 ፓውንድ ነው። ይህ የአንድ ግማሽ ኢንች ኮምፔንሳቶ ክብደት ነው፤ አንድ ሉህ ብቻ! አንተ ያሰብከው መድረክና ወለል ግን ሦስት ሉህ ሊበላ ይችላል፣ ሞራሌውን ሳንቆጥር።

ስለዚህ አፅሙን በአሉሚኒየም ቱቦላሬ ወይም አንጎላሬ ሥራው፣ ላዩን በስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ወይም በስስ ኮምፔንሳቶ አልብሰው። መድረኩንም ዝቅ አድርገው። ከአግዳሚው ከፍታ እንዲያልፍ አልመክርም። ሰው ከፍ ብሎ በቆመ ቁጥር ጠባብ ጀልባ መንገዳገድ ትጀምራለች፤ ሁለት ሰው በአንድ ጎን ሲያዘነብል ደግሞ ውሃ በጠርዟ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሆም ዲፖ ያለው አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ መድኃኒት የገባበት እንጨት አይበሰብስም ይላሉ። ለወለል ልጠቀምበት? (ከስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ በጭራሽ። እንዳይበሰብስ የተነከረበት መድኃኒት መዳብ አለው። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ካገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። መጀመሪያ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ታያለህ፣ ቆይቶ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ፣ ከዚያ ውሃ። አሮጌ ወለል ገልጠህ ከሥሩ ሳንቲም ካገኘህ አንሳና ያረፈበትን ቦታ እይ፤ የአሜሪካ ፔኒ ላዩ መዳብ ስለሆነ የዙሪያውን ምልክት ትቶ ታገኘዋለህ።

ለቤት ውጭ ሥራ የሚሆን ተራ ኮምፔንሳቶ ወይም ለጀልባ ተብሎ የተሠራውን ውሰድ። ከመግጠምህ በፊት በስድስቱም ጎን ኤፖክሲ ቀባው። ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው አይዝጌ ብረት ይሁን። አይዝጌ ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ላይ ደግሞ ለዚሁ የሚሸጠውን ቅባት ጠብ አድርግ።

ጥያቄ፦ የእኔዋ ታፈሳለች። ከየት እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። በሲሊኮን ብደፍነውስ? (ከዉድብሪጅ)

መልስ፦ ሲሊኮኑን ተወው። አሉሚኒየም ላይ ቶሎ ይላቀቃል፣ ቅሪቱም በኋላ የምትቀባው ሌላ ነገር እንዳይይዝ ያደርጋል።

ቀዳዳውን የምታገኘው ገልብጠህ በማሰብ ነው፤ ውሃ ከውጭ ወደ ውስጥ ከገባ ከውስጥ ወደ ውጭም ይወጣል። ጀልባዋን ተሳቢዋ ላይ እንዳለች የመውረጃ ቡሿን ዝጋና ውስጧን በጎማ ውሃ ሙላ። ግን ብዙ አይደለም። 2 ወይም 3 ኢንች ይበቃል። 3 ኢንች ውሃ ብቻውን 600 ፓውንድ ሊደርስ ይችላልና የተሳቢውን የኋላ ጫፍ በድንጋይ ወይም በግንድ ደግፈው። ሆዷን ከታች በጨርቅ አድርቅ፣ ከዚያ ተኝተህ በባትሪ ብርሃን ጠብቅ። ቶሎ አትነሳ። አንዳንዱ ሪቬት ወዲያው ይንጠባጠባል፤ አንዳንዱ ግን መጀመሪያ ዙሪያውን ብቻ ያረጥባል፣ ጠብታው የሚወርደው ቆይቶ ነው። የረጠበውን ሁሉ በማርከር ክበብ።

የላላውን ሪቬት ለማጥበቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ ከባድ ብረት አስደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ይመታል። በኃይል ሳይሆን በትንንሽ ምት። ጭንቅላቱ የተበላውን በትራፓኖ አውጥተህ ጫፉ የተዘጋ የአሉሚኒየም ሪቬት ተካ። ተራው ሪቬት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ራሱ ያፈሳል። ከመትከልህ በፊት የባሕር ማስቲሽ አስነካው፤ 3ኤም 5200 የሚባለው ለዚህ ጥሩ ነው። ረጅም ስፌት ሲሆን ከውስጥ በኩል ግሉቪት የሚባለውን ኤፖክሲ መቀባት ይሠራል።

ብየዳስ ላላችሁኝ፦ ስስ አሉሚኒየም የሚበይድ እጅ ብርቅ ነው። ብረት የሚበይድ ጎበዝ ሁሉ ይህን ይችላል ማለት አይደለም። ሪቬት ያላትን ጀልባ ሙቀቱ ያጣምማታል፣ የፋብሪካውንም ማስቲሽ ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ መኪና መካኒክ ነኝ። ኤሌክትሪኩን ራሴ ልዘረጋው ነው፣ 55 ፓውንድ የሚገፋ የባትሪ ሞተር ገዝቻለሁ። የምትለኝ አለ? (ከአናንዴል)

መልስ፦ ሙያው ስላለህ አንድ ልማድህን ብቻ ተው። መኪና ላይ ቦዲው ራሱ ኔጋቲቭ ነው። ጀልባ ላይ ግን ቦዲውን እንዳትነካው! አሉሚኒየሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሄደና ውሃ ከነካው መበላት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ መብራትና ፓምፕ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም የየራሱ ገመድ ይዘርጋለት፣ ሁሉም ወደ ባትሪው ይመለስ።

ያ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ወደ 50 አምፔር ይስባል። ባለ 6 ቁጥር ገመድና ባለ 60 አምፔር ብሬከር ስጠው። ብሬከሩ ባትሪው አጠገብ ይሁን። የመዳብ ገመዱ በቆርቆሮ (ቲን) የተለበጠው ዓይነት ይሁን። ባትሪውን ዝም ብለህ አታስቀምጠው፣ ሣጥን ውስጥ አድርገህ በቺንጊያ እሰረው። ገንዘቡ ካለህ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ከሊዱ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ግማሽ ቢሆን ነው። ከላይ ያሰላነውን 45 ፓውንድ አስታውስ። ማታ የምትወጣ ከሆነ ፊት ለፊት በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ደግሞ ዙሪያውን የሚታይ ነጭ መብራት ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ቀለምና ምንጣፍ? (ከሦስት ሰው)

መልስ፦ ምንጣፍ አትልበጡ። ውሃ ይይዛል፣ ይሸታል፣ የመንጠቆ ማጠራቀሚያ ይሆናል። የጎማ ንጣፍ ይሻላል።

ለቀለም፦ አጥባችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ፣ በዚያው ቀን ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር ቀቡ። ካደረ ላዩ እንደገና ኦክሳይድ ይሠራል፣ ቀለሙም አይጨብጥም። በብረት ሽቦ ብሩሽ አትፈትጉ። ለታችኛው ሆድ መዳብ ያለበትን የባሕር ቀለም አትቀቡ፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ። ውስጧን ፈካ ያለ ግራጫ አድርጉት። ሐምሌ ላይ ጥቁር ወለል እግር ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ባለቤቴ ጀልባ ገዝቶ ልጆቹን ፖቶማክ ላይ ሊያወጣ ነው። እሱም እኔም ዋና አንችልም። ልከልክለው ወይስ እያጋነንኩ ነው? (ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች እህት)

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጋነንሽም። ግን አትከልክይው፤ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጪለት። ላይፍ ጃኬት ሁሉም ሰው ይልበስ፣ እሱ ራሱም ጭምር፤ ወንበር ሥር ማስቀመጥ አይቆጠርም። የፖቶማክ ወንዝ በአመዛኙ የሜሪላንድ ውሃ ነው። በሜሪላንድ ሕግ በእንደዚህ ዓይነት ትንሽ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ መልበስ አለበት። የልጅ ጃኬት በልጁ ክብደት ይገዛል፣ «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ አይገዛም። ከትከሻው ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አየሩ ሞቅ ቢልም ውሃው ገና በረዶ ነው። ዋነተኛንም ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የመጀመሪያውን ጊዜ በርክ ሐይቅ ያውጣችሁ። እዚያ የቤንዚን ሞተር ስለማይፈቀድ ጸጥ ያለ ነው፣ የትልቅ ጀልባ ማዕበል አይመጣባችሁም። የኦኮኳን ውሃ ማጠራቀሚያ (ሪዘርቭዋር) ላይም ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ አይፈቀድም። ዋናውንም ሁለታችሁ ተማሩ፤ ለአዋቂ ጀማሪ የሚያስተምሩ የሕዝብ መዋኛዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምጽፍልህ ከባሕር ዳር ነው። እዚህ በላሜራ ጀልባ በይደን እንሠራለን። ምክርህ ለእኛም ይሆናል? (ከጣና ዳር)

መልስ፦ ግማሹ ይሆናል። ላሜራው ብረት ከሆነ (ማግኔት ከያዘው ብረት ነው) የመዳቡ ነገር እንደ አሉሚኒየም አያሰጋህም፤ ጠላትህ ዝገት ነው። አንቲሩጂኒውን ከውስጥም ከውጭም፣ በተለይ የብየዳው ስፌት ላይ፣ ሳትሰስት ቀባ።

ሳትዘል የምትወስደው ምክር ግን የፎሙ ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ ቢሞላበትም አይሰምጥም፤ ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ ነው። የላሜራ ጀልባ ግን ውሃ ከሞላበት ወደ ታች ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ አየር የታፈነበት ክፍል በይደህ ዝጋ ወይም በፎም ሙላው። ቤንዚን ነጩን ፎም ያቀልጠዋልና ጋኑን አርቅ። ከዚያ ዳር ላይ፣ ጥልቀቱ ወገብ በሚሆንበት ቦታ፣ ሰው ሳይኖርባት ሆን ብለህ ውሃ ሙላት። ጠርዟ ከውሃ በላይ ከቀረ ሰው ጫንባት።

ጥያቄ፦ በበረዶው ወቅት የት ላቁማት? ጋራዥ የለኝም። (ከገይተርስበርግ)

መልስ፦ ውጭ ትችላለች፣ አሉሚኒየም ብርድ አይፈራም። አፍንጫዋን ከፍ፣ ጀርባዋን ዝቅ አድርገህ አቁማት፣ የመውረጃ ቡሿንም ንቀል። ሸራ ካለበስካት መሃሉን በእንጨት ደግፈው፣ አለዚያ በረዶው ተጠራቅሞ ይቀደዳል። ባትሪውን አውጥተህ ቤት አስገባ። የነቀልከውን ቡሽ ከተሳቢው መቆለፊያ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ እሰረው፤ በፀደይ ቁልፉን ስታነሳ አብሮ ይመጣል።