የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ዲስክ፣ ሞደምና የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ

በዚህ ወር ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ጥግ ጨርቅ ለብሰው ስለተቀመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው። ሁሉንም ማስተናገድ ባንችልም ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። በመልሶቻችን ውስጥ አንድ አቋም ደጋግመን እናነሣለን፤ እርሱም ማሽኑን ከመጠገን በፊት በውስጡ ያለው ጽሑፍ ይውጣ የሚል ነው። ማሽን በሌላ ማሽን ይተካል፤ ሌላ ቅጂ የሌለው ቃለ ጉባኤ ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ በፒያሳ አካባቢ የሚገኝ እድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላት መዝገባችንና የቆየ ቃለ ጉባኤያችን ያለበትን 486 የተባለ የድሮ ኮምፒውተር ከብዙ ዓመት በኋላ ስናበራው ቀኑን 1980 እያለ ሃርድ ዲስክ የለም ይለናል። ያየልን ባለሙያ ዲስኩ ሞቷል ብሎናል። ከዚህ ሌላ ትልልቅና ተጣጣፊ፣ እንዲሁም ትንንሽና ጠንካራ ፍሎፒ ዲስኮች አሉን። ጽሑፉን ማውጣት ይቻል ይሆን?

መልስ፦ ክቡር ጸሐፊ፣ ዲስኩ ሞቷል ከመባሉ በፊት ባትሪው ይታይ። በማዘርቦርዱ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ባለበት ጊዜ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የተገጠመለት ሃርድ ዲስክ ምን ዓይነት እንደሆነም ይይዝለታል። ባትሪው ሲያልቅ ቀኑ ወደ 1980 ይመለሳል፤ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለም ማሽኑ ይረሳዋል። የጻፉልን ምልክት ከዚህ ጋር በጣም ይገጥማል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በብዙዎቹ ላይ የዴሊት ቁልፍ በመጫን የማሽኑ ቅንብር ወደሚስተካከልበት ሴትአፕ ይግቡና ዲስኩን በራሱ የሚፈልግ ምርጫ ካለ ያስፈልጉት። ከሌለ የዲስኩን ሽፋን ይመልከቱ፤ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥሮች ታትመው ስለሚገኙ እነዚያን በእጅ አስገብተው ያስቀምጡ። ባትሪው እንደ ክብ ሳንቲም ያለ ከሆነ ሲአር2032 የሚባለውን ገዝቶ መተካት ይበቃል። በርሜል መሳይ ሆኖ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነና በዙሪያው አረንጓዴ ዝገት ከታየ ግን፣ የሚፈሰው ፈሳሽ የማዘርቦርዱን መስመሮች ስለሚበላ ሳይውል ሳያድር ይነቀል።

ዲስኩ ከተገኘ በዚያ ማሽን ላይ ሥራ አይጀምሩ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ዲስኩን ያውጡና አይዲኢ የተባለውን የድሮ የዲስክ ማገናኛ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ኬብል ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት፤ ኬብሉ የራሱ የኃይል መስጫ ያለው መሆኑን ሲገዙ ያረጋግጡ። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ዶስም ሆነ ዊንዶውስ 95 ፋይል የሚያስቀምጡበትን ፋት የተባለ አሠራር የዛሬው ዊንዶውስም ያነበዋል። አዲሱ ኮምፒውተር ዲስኩ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ከጠየቀዎት መልስዎ ምንጊዜም አይደረግ የሚል ይሁን፤ በእሺታ የተጫነ አንድ ቁልፍ ብዙ መዝገብ አጥፍቷል።

ወደ ፍሎፒዎቹ ስንመጣ፣ ትንንሾቹ 720 ኪሎባይት ወይም 1.44 ሜጋባይት የሚይዙ ሲሆኑ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ይበቃቸዋል። ትልልቆቹ 360 ኪሎባይት ወይም 1.2 ሜጋባይት የሚይዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ይህ የዩኤስቢ ማንበቢያ ስለማያገለግል የሚነበቡት በራሱ በ486ቱ ላይ ባለው ድራይቭ ነው። ስለዚህ ማሽኑን እንዳይጥሉት። ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲገለብጡ ዲስክኮፒ የሚለውን ትእዛዝ አይጠቀሙ፤ እርሱ የሚሠራው ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ኮፒ የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን ብቻ ስለሚያሻግር የዲስኩ መጠን አያግደውም። አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስብዎታለን፦ 360 ኪሎባይት በሚይዘው ዲስክ ላይ በ1.2 ሜጋባይት ድራይቭ ምንም አይጻፉበት። የአዲሱ ድራይቭ ራስ የሚጽፈው መስመር ከድሮው የቀጠነ በመሆኑ ከሥሩ የቀረው የቀድሞ ጽሑፍ ከአዲሱ ጋር ይደባለቅና የድሮው ድራይቭ ሊያነበው ይቸገራል። ማንበብ ግን አይጎዳውም።

ከማስገባትዎ በፊት የትንንሾቹን ብረት መከለያ በቀስታ ገፋ አድርገው ፊታቸውን በብርሃን ይመልከቱ። የጎንደር ክረምት እርጥበት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በዲስክ ላይ ነጣ ያለ ሻጋታ ያበቅላል፤ እንዲህ ያለው ዲስክ ከገባ የድራይቩን ራስ ያቆሽሽና ከእርሱ በኋላ የሚገቡትን ደህናዎቹንም ይፍቃቸዋል። ሻጋታ ያለባቸውን ለብቻ ይለዩአቸው። ለንባብ የሚገቡትን ደግሞ በማዕዘናቸው ያለችውን መዝጊያ ገፍተው ቀዳዳዋን ክፍት ያድርጓት፤ ያን ጊዜ ማንም ተሳስቶ ሊጽፍባቸው አይችልም።

ጥያቄ፦ አባቴ በሕይወት ሳሉ ስለ ጎንደር አድባራት ያሰባሰቡትን ጽሑፍ በኮምፒውተር አስተይበው በፍሎፒ አስቀምጠውልን ነበር። ፍሎፒው ተነበበ፤ ፋይሉም ተከፈተ። ነገር ግን በልጄ ላፕቶፕ ላይ የሚታየው የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርምስ ነው። ጽሑፉ ተበላሽቷል ማለት ነው? ከቁስቋም።

መልስ፦ እመቤት፣ የአባትዎ ጽሑፍ አልተበላሸም፤ በደብዳቤዎ እንደገለጹት ከሆነ ያለው ሙሉ በሙሉ ነው። የጎደለው ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ከስሕተት ስለሚጠብቅ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው። በዚያ ዘመን የነበሩት ፕሮግራሞች ለአንድ ፎንት የሚፈቅዱት ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች ፊደሉን ከአንድ በላይ በሆኑ ፎንቶች ላይ ከፋፍለው የላቲን ፊደላት በሚቀመጡበት ቦታ አሰፈሩት። እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ስላሰፈረው የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ፎንት አይነበብም። ለግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የራሱ ቦታ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የአባትዎ ፋይል ከዚያ አሠራር ውጭ የተጻፈ በመሆኑ የልጅዎ ላፕቶፕ የሚያየው ከሥር ያለውን የላቲን ምልክት ብቻ ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ከትርምሱ ውስጥ ጥቂት ቃላት በማውዝ ይምረጡና ከላይ የፎንት ስም የሚታይበትን ሣጥን ይመልከቱ፤ ፎንቱ በላፕቶፑ ላይ ባይኖርም ስሙ ተጽፎ ይታያል። በተለያየ ቦታ ደጋግመው ቢመርጡ ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ስሞች ማግኘትዎ አይቀርም፤ ሁሉንም ይመዝግቡ። ከዚያም ጽሑፉ የተተየበበት ኮምፒውተር ካለ በዊንዶውስ ማኅደር ሥር ፎንትስ ከሚባለው ቦታ እነዚያን ፋይሎች ይገልብጡ። ከሌለ ያንኑ ሶፍትዌር አሁንም ከሚጠቀም የጽሕፈት ሥራ ቤት ይጠይቁ፤ በከተማችን ለረጅም ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ጥሪ ሲተይቡ የኖሩ ቤቶች እነዚህን ፎንቶች ያውቋቸዋል። ፎንቶቹ ላፕቶፑ ላይ እንደተጫኑ ትርምሱ ወደ አማርኛ ይመለሳል።

እስከዚያው ድረስ ከሁለት ነገር እንዲጠበቁ አጥብቀን እንለምንዎታለን። የመጀመሪያው፣ ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ወደ አንድ ፎንት መቀየር ነው። የትኛው ምልክት የትኛው ፎንት እንደነበረ የሚናገረው ያ የፎንት ስም ብቻ ስለሆነ እርሱ ሲጠፋ የፊደሉ ግማሽ ወደ ሌላ ፊደል ይለወጣል፤ በዚያ ሁኔታ ሴቭ ከተደረገ መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። ሁለተኛው፣ ፋይሉን ፎንት በማይዝ ተራ የጽሑፍ ዓይነት ማስቀመጥ ነው፤ ጉዳቱ ያው ነው። ስለዚህ ዋናውን ሳይነኩ በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። ፋይሉ የወርድ 95 ወይም ከዚያ የቀደመ ከሆነ አዲሱ ወርድ ለደኅንነት ሲል ሊከለክለው ይችላል፤ በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል። አማርኛው በትክክል ከታየ በኋላ ፎንቱን በውስጡ የሚይዝ ፒዲኤፍ ያውጡለትና የፎንቶቹን ፋይሎች ከዋናው ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሆኖም ከቀየሩ በኋላ ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው፣ በተለይ የአድባራቱንና የሰዎቹን ስም የሚያውቅ፣ ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያየ ያንብበው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 98 ያለው ፔንቲየም ኮምፒውተር አለኝ። በስልክ መስመር የሚያገናኘው ሞደም በውስጡ ተገጥሞለታል፤ ነገር ግን በዶስ የሚሠራው የድሮ ፕሮግራሜ ሞደሙን አያገኘውም። በዚህ ሞደም ኢንተርኔት መጠቀም፣ ካልሆነም ፋይል ወደ ላፕቶፕ ማሻገር እችላለሁ? ከአዘዞ።

መልስ፦ በዚያ ዘመን መጨረሻ የወጡ ብዙ የውስጥ ሞደሞች ዊንሞደም የሚባሉ ናቸው። ዋጋቸው እንዲረክስ አብዛኛው ሥራቸው ለዊንዶውስ ሶፍትዌር ስለተተወ በዶስ ሲጠሩ መልስ አይሰጡም፤ ፕሮግራምዎ ጥፋት የለበትም። በዶስ መሥራት ከፈለጉ በሲሪያል ወደብ የሚሰካ የውጭ ሞደም ይፈልጉ። ሲያገኙም በዶስ ኤምኤስዲ የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው የወደቡን ቺፕ ይመልከቱ፤ 16550 የሚል ከሆነ ፈጣን ሞደም ይሸከማል፤ 8250 የሚል ከሆነ ግን በከፍተኛ ፍጥነት ፊደል ይጥላል። ሞደሙ የስልኩን ድምፅ አላገኘሁም ብሎ አልደውልም ካለ፣ ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል የሚያደርገው ትእዛዝ ኤቲኤክስ3 ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ፣ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ኢንተርኔት ስትጀምር መንገዱ ይኸው የስልክ ሞደም ነበር። ዛሬ ግን ችግሩ ከፍጥነቱ በፊት የሚመጣ ነው፤ በዊንዶውስ 98 ላይ ያለው የድሮ ብሮውዘር የዛሬዎቹ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን ምስጢራዊ ግንኙነት ስለማያውቅ አብዛኞቹ አይከፈቱለትም። ለዚህ ሲሉ ገንዘብ እንዲያወጡ አንመክርም።

ፋይል ለማሻገር ከሆነ ከሞደም ይልቅ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በቀጥታ የሚያገናኘው ናል ሞደም የተባለው ኬብል ይሻላል፤ ለላፕቶፑ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ማገናኛ ይጨመርበታል። በሁለቱም ላይ እንደ ሃይፐርተርሚናል ያለ ፕሮግራም ከፍተው ፍጥነቱን በ115,200 እኩል ያድርጉና ዜድሞደም በተባለው የፋይል መላኪያ ዘዴ ይላኩ። አንድ ባለ 1.44 ፍሎፒ ሙሉ ፋይል በሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይደርሳል፤ በስልክ መስመር በ33,600 ሞደሞች ቢላክ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። ሞደሙን ከስልክ መስመር ጋር የሚያቆዩት ከሆነ በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የስልኩን ሽቦ ይንቀሉት፤ መብረቅ በኤሌክትሪኩ ብቻ ሳይሆን በስልኩ መስመርም ገብቶ ማዘርቦርዱን ጭምር ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ የድሮ ማኪንቶሽ ፍሎፒዎች በፒሲዬ አይነበቡም። ተበላሽተው ይሆን? ከማራኪ።

መልስ፦ 400 ወይም 800 ኪሎባይት የሚይዙት ከሆኑ የፒሲ ድራይቭ በምንም ሶፍትዌር አያነባቸውም፤ ማኪንቶሹ እነርሱን የሚጽፈው ዲስኩን በተለያየ ፍጥነት እያሽከረከረ ነው። የድሮ ማኪንቶሽ ያለው ሰው መፈለግ ግድ ነው። ባለ 1.44 ሜጋባይቶቹን ግን የፒሲ ድራይቭም ያነባቸዋል፤ የማኪንቶሽ ዲስክ የሚከፍት ፕሮግራም ብቻ ይጫኑ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ አሮጌ ኮምፒውተር ይዘውልኝ መጥተዋል። ትልልቅ ፍሎፒ ያነባል ተብያለሁ። ሰክቼ ላብራው? ከቀበሌ 18።

መልስ፦ ገና አይስኩት። ከጀርባው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር ካለ 115 ወይም 230 የሚል ቁጥር ይታይበታል። ከአሜሪካ የመጣ እንደመሆኑ በ115 ላይ መሆኑ አይቀርም፤ በእኛ 220 ቮልት ከበራ ኃይል መስጫው ወዲያው ይቃጠላል። ገመዱ ሳይሰካ በጠፍጣፋ ጠመንዣ መፍቻ ወደ 230 ይግፉት። ማብሪያው ከሌለ በኃይል መስጫው ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በራሱ ያስተካክላል፤ 115 ብቻ የሚል ከሆነ ግን 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመሩ ዋት በኃይል መስጫው ላይ ከተጻፈው እንዳያንስ ሲገዙ ይመልከቱ።