የአንባቢያን ጥያቄ፦ ነፋስና ጸሐይ የሰሜን ዋልታ አቅራቢያ መንደሮችን ማኖር ይችላሉ?

ጥያቄ፦ በአላስካና በሰሜን ካናዳ የሚገኙ ብዙ መንደሮች የመኪና መንገድም ሆነ የዋና ኤሌክትሪክ መስመር እንደሌላቸውና በናፍጣ ጀነሬተር እንደሚኖሩ አንብቤአለሁ። የብርዱ ወራት ጨለማ፣ ቅዝቃዜውም ማሽን የሚያቆም ሆኖ ሳለ ታዳሽ ኃይል በእርግጥ ያዋጣቸዋል? ቢያዋጣስ መብራት ከማብራት አልፎ ለሕዝቡ ሥራና ገቢ ያስገኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ ብርዱ ራሱ የሚታሰበውን ያህል እንቅፋት አለመሆኑን ልግለጽልዎ። አየር በቀዘቀዘ መጠን ስለሚከብድ፣ ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚነፍስ ነፋስ፣ በ15 ዲግሪ በእኩል ፍጥነት ከሚነፍሰው ይልቅ ወደ ሩብ የሚጠጋ ተጨማሪ ጉልበት አለው። የጸሐይ ፓነልም በቅዝቃዜ ጊዜ የተሻለ ያመነጫል። የሚያስቸግረው በተርባይኑ ክንፍ ላይ የሚጋገረው በረዶ፣ ከዜሮ በታች ቢሞላ የሚጎዳው የሊቲየም ባትሪና፣ ዘመናትን በበረዶነት ቆይቶ አሁን መቅለጥ በጀመረው መሬት ላይ የሚጣለው መሠረት ነው።

ጨለማውን በተመለከተ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በካናዳ ዩኮን ግዛት፣ የመኪና መንገድ በማይደርስበት በኦልድ ክሮው፣ የቩንቱት ግዊቺን ሕዝብ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ያስጀመረው የጸሐይ ኃይል ማመንጫ ቀኑ በሚረዝምበት ወቅት ጀነሬተሮቹ እንዲጠፉ ያስችላል፤ ጨለማው ሲመለስ ግን ናፍጣውም ይመለሳል። ነፋስ በብዙ የባሕር ዳርቻዎች በብርዱ ወራት ስለሚበረታ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል፤ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለችው የአላስካዋ ኮትዘቡ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተርባይን መጠቀሟ ያለ ምክንያት አይደለም።

እንደ እኔ እምነት ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። በእነዚህ አካባቢዎች አንድ ቤተሰብ ለመብራት ከሚያስፈልገው ይልቅ ቤቱን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ይበልጣል። በምዕራብ አላስካ የሚገኙት ኮንጊጋናክ፣ ክዊጊሊንጎክና ቱንቱቱሊያክ የተባሉት የዩፒክ ሕዝብ መንደሮች ያገኙት መፍትሔ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው፤ ነፋሱ ከመንደሩ ፍላጎት በላይ ሲያመነጭ፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ትርፉን ኤሌክትሪክ በየቤቱ ወደተተከሉ ምድጃዎች ይልካል፤ በምድጃው ውስጥ ያሉት ጡቦች ሙቀቱን ይዘው ነፋሱ ከቆመ በኋላም ቀስ እያሉ ይለቁታል። ሊባክን ይችል የነበረው ኃይል በዚህ መንገድ ቤት ለማሞቅ ይቃጠል የነበረውን ነዳጅ ይተካል፤ ቤተሰቡም ከነዳጅ ባነሰ ዋጋ ይሞቃል።

ወደ ሥራና ገቢ ስንመጣ፣ ናፍጣ የሚያስከትለውን ጫና በሚገባ ማየት ያስፈልጋል። ነዳጁ በአብዛኛው ባሕሩና ወንዙ ከበረዶ ነጻ በሚሆኑባቸው ጥቂት ወራት በጀልባ ስለሚገባ፣ መንደሩ ለረጅም ጊዜ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ገዝቶ በትልልቅ ጋኖች ማከማቸት አለበት፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ከአካባቢው ወጥቶ አይመለስም። የአላስካ መንግሥት ከ1980ዎቹ አንስቶ የገጠር ኤሌክትሪክን ዋጋ ይደጉማል፤ ይሁን እንጂ ድጎማው ለመኖሪያ ቤቶችና ለማኅበረሰብ መገልገያዎች እንጂ ለንግድ ድርጅቶች አይደለም። ስለዚህ ዓሣ ለማቀዝቀዝ ወይም ትንሽ የጥገና ሥራ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። የታዳሽ ኃይል ኢኮኖሚያዊ ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

በአላስካ የምትገኘው የኮዲያክ ደሴት ተሞክሮ ይህን ያስረዳል። በዓሣ ማቀነባበሪያ የሚተዳደረው ይህ አካባቢ በ2009 እና በ2012 እ.ኤ.አ. በድምሩ 6 ተርባይኖችን ተክሎ ቀድሞ ከነበረው የውሃ ኃይል ማመንጫ ጋር አቀናጅቷቸዋል። ነፋስ ሲኖር የሐይቁ ውኃ ይቆጠባል፤ ነፋሱ ሲደክም ውኃው ይለቀቃል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሴቲቱ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከሁለቱ ታገኛለች፤ የወደቡ ትልቅ ክሬን እንኳ በኤሌክትሪክ ይሠራል።

አይስላንድ ብዙ ጊዜ እንደ አርአያ ትጠቀሳለች፤ ከ10 ቤቶች 9 ያህሉ በከርሰ ምድር ሙቀት ይሞቃሉ፤ በዚያው ሙቀት ዓሣ ይደርቃል፣ ቲማቲም ይበቅላል። ነገር ግን እንደ እርሷ ትኩስ ዓለት ለምድር ገጽ የቀረበለት አገር ጥቂት ነው።

እኔ የአንድን ፕሮጀክት ዘላቂነት ስመዝን ከተርባይኑ መጠን አስቀድሜ የምጠይቀው ማን ያስተዳድረዋል፣ ማንስ ይጠግነዋል የሚለውን ነው። የኮዲያክና የኮትዘቡ ኤሌክትሪክ አቅራቢዎች ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በአባልነት የያዟቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ባለሙያው በአውሮፕላን ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ በአንድ ቀን የሚጠገን ብልሽት የአየሩን ጠባይ በመጠበቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ከነዋሪዎቹ መካከል የሠለጠነ ሰው ሲኖር ግን ጥገናው ይፋጠናል፣ ደመወዙም እዚያው መንደር ውስጥ ይቀራል።